ከኮዱ በፊት ዝምድናውን ሰይሙ
የማሽላ መረጃ ለሚያደራጁ የምርምርና የኮምፒውተር ባለሙያዎች

በወልድያና በመርሳ መካከል፣ ሐብሩ ወረዳ ውስጥ የሚገኘው የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ለቆላና ለወይና ደጋ የሚሆኑ የማሽላ ዝርያዎችን ሲያወጣ ቆይቷል። የጁ እና ጊራና-1 የተባሉት ዝርያዎች ስማቸውን ከአካባቢው ወስደው ከዚሁ ማዕከል የወጡ ናቸው። በዙሪያው የማሽላ መረጃ የሚሰበስበው ሰውም ብዙ ነው፤ የማዕከሉ ቴክኒሻን አለ፣ በወልድያ ዩኒቨርሲቲ የመርሳ ካምፓስ የመመረቂያ ጽሑፉን የሚሠራ ተማሪ አለ፣ የወረዳው ግብርና ባለሙያ አለ። ሁሉም የየራሱ የኤክሴል ፋይል አለው። አንዱ «የዛላ ርዝመት» ያለውን ሌላው «የራስ ርዝመት» ይለዋል፤ ሦስተኛው ከራሱ በቀር ማንም በማያውቀው ምሕጻረ ቃል ይጽፈዋል።

ከዚያ ኮድ የሚጽፍ ሰው ይጠራና «እነዚህን አንድ አድርግልን» ይባላል። እሱም ቃላቱን በመስመር አያይዞ ግራፍ ይሠራል። ግራፉ ያምራል፤ ጥያቄ ሲቀርብለት ግን የተሳሳተ መልስ ይሰጣል። ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ ከኮዱ አይደለም። ሁለት ቃላት «ተያያዥ ናቸው» ተብሎ መስመር ይሠመራል እንጂ በምን እንደሚያያዙ አይጻፍም። ውርስ የሚያከፋፍል ሽማግሌ «ዘመድ ነው» ቢሉት አይበቃውም፤ በሥጋ ነው ወይስ በጋብቻ ብሎ ይጠይቃል፤ ምክንያቱም ማን ምን እንደሚወርስ የሚወስነው የዝምድናው ዓይነት ነው። የሥነ ሕይወት ቃላትን በኮምፒውተር ስታዛምዱም ነገሩ እንደዚያው ነው። ማሽኑ ከሁለት እውነቶች ሦስተኛውን ማውጣት የሚችለው የዝምድናውን ስምና ሕግ ስትነግሩት ብቻ ነው።

ያለውን ከመፍጠር ያለውን መውሰድ

ኦንቶሎጂ ማለት በአንድ የእውቀት ዘርፍ ያሉ ቃላት እያንዳንዳቸው መለያ ቁጥርና ትርጉም ተሰጥቷቸው፣ እርስ በርስ ያላቸው ዝምድናም ማሽን በሚረዳው መንገድ የተጻፈበት መዝገብ ነው። በሥነ ሕይወት እጅግ የታወቀው ጂን ኦንቶሎጂ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የፍሬ ዝንብን፣ የአይጥንና የእርሾን የጂን ዳታቤዝ የሚያስተዳድሩ ሰዎች የጀመሩት ሲሆን፣ በ2000 በኔቸር ጀኔቲክስ መጽሔት ለዓለም አስተዋውቀውታል። የተነሡበትም ችግር የእናንተው ነው፤ አንዱን የጂን ሥራ ሦስቱም በየራሳቸው ስም ይጠሩት ነበር።

ለሰብል ደግሞ ክሮፕ ኦንቶሎጂ የሚባለው አለ። በውስጡ ማሽላ በመለያ ቁጥር 324 የራሱ ክፍል አለው። የተክል አካላትን ሥር፣ ቅጠል፣ ዛላ እያለ የሚዘረዝረው ፕላንት ኦንቶሎጂም በነጻ ይገኛል። ስለዚህ የመጀመሪያው ምክር ቀላል ነው፤ የምትፈልጉት ቃል እዚያ ካለ ቁጥሩን ውሰዱ፤ አዲስ ቁጥር የምትሰጡት ለሌለው ብቻ ነው። የአማርኛውን ስም፣ እንደ ጅጉርቲና ደጋሌት ያሉ የገበሬ ማሽላዎችን ስያሜ፣ የአካባቢውን አጠራር የምትጨምሩት እናንተ ናችሁ።

ከክሮፕ ኦንቶሎጂ ሌላም የምትማሩት አለ። እዚያ አንድ ልኬት በሦስት ይከፈላል፤ ባሕርዩ፣ ዘዴውና መለኪያው። «የተክል ቁመት» ባሕርይ ነው። «ሰብሉ ሲደርስ ከመሬት እስከ ዛላው ጫፍ መለካት» ዘዴ ነው። «ሴንቲ ሜትር» መለኪያ ነው። ሦስቱን በአንድ የዓምድ ስም ውስጥ ያጨቀ ፋይል፣ በሌላ ዘዴ ከተለካ ፋይል ጋር ሲቀላቀል ልዩነቱ አይታይም። ሦስቱን ለይታችሁ ከጻፋችሁ ግን ኮዱ «ባሕርዩ አንድ ነው፤ ዘዴው ግን ይለያያል» ብሎ ሊያስጠነቅቃችሁ ይችላል።

መለያ ቁጥር ከስም ይቅደም

ቃላትን በስማቸው የሚያዛምድ ኮድ በአማርኛ ቶሎ ይሰበራል። «ሥር» እና «ስር» ለእኛ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሁለት የተለያዩ ፊደላት ያሏቸው ሁለት ቃላት ናቸው። የዩኒኮድ ማስተካከያ ፈንክሽኖችም ሠ እና ሰን፣ ሐ እና ሀን አንድ አያደርጉም። የቦታ ስሞችም ቢሆኑ ከዚህ አያመልጡም፤ ሐብሩና ሀብሩ፣ ወልድያና ወልዲያ፣ ሲሪንቃና ስሪንቃ በየሰነዱ ተጽፈው ታገኛላችሁ።

ከዚህ የባሰው ስሙ ተመሳስሎ ነገሩ ሲለይ ነው። በቆሎ በብዙ ቦታ «የባሕር ማሽላ» ይባላል። «ማሽላ» የሚል ቃል ያለበትን ሁሉ ከማሽላ ሥር የሚሰበስብ ኮድ በቆሎን የማሽላ ዓይነት አድርጎት ያርፋል።

መፍትሔው ለእያንዳንዱ ነገር ትርጉም የሌለው መለያ ቁጥር መስጠትና ዝምድናን ሁሉ በቁጥሩ መጻፍ ነው። ስሞቹን ለብቻ በሌላ ሠንጠረዥ አስቀምጡ፤ አንዱን ዋና ስም፣ የቀሩትን ተለዋጭ ስም በሏቸው። ተለዋጭ ስምም ደረጃ አለው። «ራስ» ለ«ዛላ» እኩያ ስም ከሆነ እኩያ ብላችሁ፣ ሰፋ ያለ ነገር የሚጠራ ከሆነ ሰፊ ብላችሁ፣ ጠበብ ያለ ከሆነ ጠባብ ብላችሁ ጻፉ። የሞክሼ ፊደላቱን ጉዳይ ፍለጋ ላይ ብቻ ፍቱት፤ ተጠቃሚው ሲጽፍ ሠን ወደ ሰ፣ ሐን ወደ ሀ የሚመልስ አጭር ፈንክሽን ይበቃል፤ መዝገቡ ራሱ እንዳለ ይቀመጥ።

አንድ ቁጥር አንዴ ከተሰጠ አይሰረዝም፤ ለሌላ ነገርም አይሰጥም። ቃሉ ስሕተት ሆኖ ከተገኘ «ያረጀ» የሚል ምልክት ይደረግበትና የተካው ቁጥር ይጻፍለታል። ያለዚያ አምና የተመዘገበው መረጃ ዘንድሮ ሌላ ነገር ይናገራል።

«ዓይነት ነው» እና «ክፍል ነው»

ከሥነ ሕይወት ኦንቶሎጂ ዝምድናዎች አብዛኛውን ሥራ የሚሸከሙት ሁለት ናቸው። አንዱ «ዓይነት ነው»፣ ሁለተኛው «ክፍል ነው» ነው። ከዚህ በታች ያሉት መስመሮች ለምሳሌ በሰጠናቸው ቁጥሮች የተጻፉ ናቸው፤ ማ001 ተክል፣ ማ002 የተክል አካል፣ ማ003 ዛላ፣ ማ004 ማሽላ፣ ማ005 የማሽላ ዛላ፣ ማ006 የማሽላ ዛላ ቅርንጫፍ ነው እንበል።

ማ003 | ዓይነት_ነው | ማ002
ማ003 | ክፍል_ነው | ማ001
ማ004 | ዓይነት_ነው | ማ001
ማ005 | ዓይነት_ነው | ማ003
ማ005 | ክፍል_ነው | ማ004
ማ006 | ክፍል_ነው | ማ005

እያንዳንዱን መስመር ከመጻፋችሁ በፊት «እያንዳንዱ» በሚል ቃል ፈትኑት። «እያንዳንዱ የማሽላ ዛላ የአንድ ማሽላ ክፍል ነው» ብትሉ ያስኬዳል። «እያንዳንዱ ዛላ የማሽላ ክፍል ነው» ብትሉ ግን ጤፍም ዛላ አለውና ውድቅ ነው። ለዚህ ነው ማ003 ከተክል፣ ማ005 ከማሽላ ጋር የተያያዙት። ይህች ፈተና ግማሽ ደቂቃ አትወስድም፤ አብዛኛውን ስሕተት ግን ከመግባቱ በፊት ትይዛለች።

ፈተናው ወደ ኋላ አይነበብም። እያንዳንዱ የማሽላ ዛላ የማሽላ ክፍል ነው ማለት እያንዳንዱ ማሽላ ዛላ አለው ማለት አይደለም፤ ገና የበቀለ ቡቃያ ማሽላ ነው፣ ዛላ ግን የለውም። ስለዚህ «ክፍል_ነው» ያለበትን ሁሉ ኮዱ በራሱ ገልብጦ «ክፍል_አለው» ብሎ እንዲጽፍ አትፍቀዱ። የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ ለብቻው ፈትናችሁ ለብቻው ጻፉት።

ጊዜም ይፈትናችኋል። ፍሬ ዛላው ላይ እያለ የዛላው ክፍል ነው፤ ተወቅቶ ጎተራ ከገባ ወይም በዘር ማከማቻ ከተቀመጠ በኋላ ግን አይደለም። ለተወቃው ፍሬ «የተገኘው_ከ» የሚል ሌላ ዝምድና አብጁ፤ ለዛላውና ለቅርንጫፉም ትርጉማቸው ላይ «በቆመ ተክል ላይ» ብላችሁ ወስኑ።

ማሽኑ ከምን ምን ያውጣ

ዝምድናዎቹ ስም ካገኙ በኋላ እንዴት እንደሚቀጣጠሉ የሚወስን ትንሽ የሕግ ሠንጠረዥ ያስፈልጋል። በጂን ኦንቶሎጂ የሚሠራባቸውና ለእናንተም የሚበቁት አራት ናቸው።

ዓይነት_ነው + ዓይነት_ነው = ዓይነት_ነው
ክፍል_ነው + ክፍል_ነው = ክፍል_ነው
ዓይነት_ነው + ክፍል_ነው = ክፍል_ነው
ክፍል_ነው + ዓይነት_ነው = ክፍል_ነው

በነዚህ ብቻ ማሽኑ ብዙ ያወጣል። የዛላ ቅርንጫፍ የማሽላ ዛላ ክፍል ነው፣ የማሽላ ዛላ የማሽላ ክፍል ነው፣ ማሽላ የተክል ዓይነት ነው፤ ስለዚህ ቅርንጫፉ የተክል ክፍል ነው። ይህን የመጨረሻውን ማንም በእጁ አልጻፈውም። በእጅም መጻፍ የለበትም፤ የሚወጣውን ለማሽኑ ትታችሁ መሠረታዊውን ብቻ መዝግቡ። ሁለቱን ቀላቅሎ የጻፈ ሰው ኋላ አንዱን ሲያርም የቀረው ሳይታረም ይቀራል።

ከአራቱ ውጭ ያለ ጥንድ ሲገጥመው ኮዱ ዝም ይበል። «ይቆጣጠራል» የሚለውን ዝምድና ተመልከቱ። ሀ ለን ቢቆጣጠር፣ ለም መን ቢቆጣጠር፣ ሀ መን ይቆጣጠራል ብሎ መደምደም አይቻልም፤ ጂን ኦንቶሎጂም አይደመድምም። ሕግ ያልተጻፈለትን ጥንድ እንደ ስሕተት ሳይሆን እንደ «መልስ የለም» ቁጠሩት።

አቀንጭራና ሦስተኛው ዓይነት ዝምድና

በወሎ ቆላ ማሽላን የሚያውቅ ሁሉ አቀንጭራ የተባለውን ጥገኛ ተክል ያውቃል። የአቀንጭራ ዘር አፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ይቆያል፤ ከማሽላ ሥር የሚወጣ ኬሚካል ሲያገኝ ይበቅላል፤ ከሥሩ ተጣብቆ ውኃና ምግብ ይስባል። ይህን ታሪክ በ«ዓይነት» እና በ«ክፍል» ብቻ መጻፍ አይቻልም። አቀንጭራ የማሽላ ዓይነትም ክፍልም አይደለም። «ይጣበቅበታል» የሚል የራሱ ዝምድና ይሻል፤ የዝምድናው ግራ ጎን ጥገኛ ተክል፣ ቀኝ ጎኑ የተክል አካል መሆን እንዳለበትም ይጻፋል። እንዲህ ያለ ገደብ ከተጻፈ አንድ ሰው በስሕተት «ማሽላ ይጣበቅበታል አቀንጭራ» ብሎ ሲያስገባ ኮዱ ይመልሰዋል።

እዚህም «እያንዳንዱ» ይፈተን። አቀንጭራ በቆሎንና ዳጉሳንም ያጠቃል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ አቀንጭራ በማሽላ ሥር ላይ ነው ማለት አይቻልም። «ሊጣበቅበት_ይችላል» የሚለው ስም ልኩን ይናገራል።

የመቋቋም ጉዳይ ከዚህ የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል። ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት ድርቅንና አቀንጭራን በሚቋቋም ማሽላ ላይ ባደረጉት ሥራ ነው። ጎብዬ፣ አብሽርና ብርሃን የተባሉት ዝርያዎች በአገራችን አቀንጭራን በመቋቋም ይታወቃሉ። «ጎብዬ የማሽላ ዓይነት ነው» እና «ጎብዬ አቀንጭራን ይቋቋማል» የሚሉ ሁለት መስመሮች ካሉ፣ ግድ የለሽ ኮድ «ማሽላ አቀንጭራን ይቋቋማል» ብሎ ወደ ላይ ያወጣዋል። ይህ ለገበሬው ቢደርስ ጉዳቱ ከፋይል ያልፋል። ስለ ጠቅላላው የተነገረ እውነት ወደ ዓይነቶቹ ይወርዳል፤ ስለ አንዱ ዓይነት የተነገረ ወደ ጠቅላላው አይወጣም።

ስለዚህ የዝርያዎችን ባሕርይ ኦንቶሎጂው ውስጥ አትቅበሩት። ለብቻው የማስረጃ ሠንጠረዥ አብጁለት፤ የዝርያው ቁጥር፣ የባሕርዩ ቁጥር፣ የታየበት ቦታ፣ የምርት ዘመኑ፣ ዘዴውና ያየው ተቋም ይኑሩበት። ዘመኑ በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ አንድ ዓምድ ይናገር፤ የእኛና የፈረንጁ ዓመት በአንድ ዓምድ ከተደባለቁ ልኬቶቹ ወደ ሌላ ክረምት ይሸሻሉ።

በባሕርያቱ መካከልም ተጠንቀቁ። «መቋቋም» ማለት አቀንጭራው በሥሩ ላይ እንዳይበዛ ማድረግ ነው። «መቻል» ማለት አቀንጭራው እያለ ምርት መስጠት ነው። ሁለቱ በአንድ ሰፊ ቃል ሥር ያሉ ወንድማማቾች ናቸው እንጂ አንዱ የሌላው ዓይነት አይደለም። መቻልን ከመቋቋም ሥር ያስገባ ሰው፣ «አቀንጭራን የሚቋቋሙትን አምጣ» ሲባል አቀንጭራ የሚያፈራበትን ማሽላ ሁሉ ያመጣል። ከሥሩ የሚወጣውን የማብቀያ ኬሚካል መቀነስ ግን በእርግጥ የመቋቋም አንድ ዓይነት ነው፤ እሱ ከመቋቋም ሥር ይገባል።

ወደ ኮዱ

አሁን ኮዱ አጭር ነው። ሦስት ዓምድ ያለው ፋይል ይበቃል፤ ግራ ቁጥር፣ ዝምድና፣ ቀኝ ቁጥር። ፓይተን ፋይሉን አንብቦ በዲክሽነሪ ያስቀምጥ፤ ቁልፉ የግራው ቁጥር፣ እሴቱ የ«ዝምድናና ቀኝ ቁጥር» ጥንዶች ዝርዝር ይሁን። ፓይተን 3 የተለዋዋጮችን ስም በግዕዝ ፊደል ይቀበላል፤ ነገር ግን የሞክሼ ፊደል ችግር እዚያም ስለሚከተላችሁ የስም አጻጻፋችሁን አስቀድማችሁ ወስኑ።

የሚወጣውን ለማውጣት እንዲህ ይሄዳል።

1. ከተጠየቀው ቃል ተነሥቶ ቀጥተኛ ዝምድናዎቹን በተራ ዝርዝር ያስገባል።
2. ከዝርዝሩ አንዱን ያነሣል፤ ያ ቁጥር በዚያው ዝምድና ቀድሞ ከታየ ይተወዋል።
3. ካልታየ ይመዘግበውና ወደ ቀጣዮቹ ይሻገራል፤ ያለውን ዝምድና ከሚቀጥለው ጋር በሕግ ሠንጠረዡ ያጣምራል።
4. ሕግ ካለ ውጤቱን ወደ ተራው ይጨምራል፤ ከሌለ በዚያ መንገድ ያቆማል።
5. ተራው ባዶ ሲሆን የተመዘገበውን ይመልሳል።

ሁለተኛው እርምጃ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ቁጥሩንና ዝምድናውን በጥንድ ማስታወሱን ልብ በሉ። አንድ ቃል በ«ዓይነት»ም በ«ክፍል»ም ወደ አንድ ቦታ ሊደርስ ይችላል፤ ቁጥሩን ብቻ ካስታወሳችሁ ሁለተኛው መንገድ ይጠፋል።

እንደ ኦቦኔት፣ ፕሮንቶና ኔትዎርክኤክስ ያለ ዝግጁ የፓይተን ላይብረሪ የምትጠቀሙ ከሆነ ሦስት ወጥመድ አለ። ኦቦኔት ቀስቱን ከልጅ ወደ ወላጅ ይሥላል፤ ስለዚህ ግራፉን በኔትዎርክኤክስ ስትጠይቁ «ዘሮች» የሚለው ፈንክሽን የሚመልስላችሁ የላይኞቹን ቃላት ነው። ፕሮንቶ ወላጆችን ሲዘረዝር የሚከተለው «ዓይነት ነው»ን ብቻ ነው፤ ካልከለከላችሁትም ቃሉን ራሱን ይጨምራል። በኔትዎርክኤክስ ራሳችሁ ግራፍ ስትሠሩ ደግሞ በሁለት ነጥቦች መካከል ከአንድ በላይ መስመር የሚፈቅደውን ዓይነት ምረጡ፤ ተራው ዓይነት ሁለተኛውን ዝምድና ሲቀበል የመጀመሪያውን ያጠፋዋል።

መረጃው ዳታቤዝ ውስጥ ከሆነም ኤስኪውላይት ራሱን የሚደጋግም ጥያቄ ስለሚቀበል ያው ሥራ ያለ ፓይተን ይሠራል። የቃላቱ ቁጥር ሲበዛና ገደቦቹ ሲወሳሰቡ ፕሮቴጄ የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ጫኑ፤ እንደ ኤልክ ባለ መርማሪ እርስ በርሳቸው የሚጋጩ መስመሮችን ያሳያችኋል።

ሳትፈትኑ አትልቀቁ

ኮዱ ፋይሉን በተቀበለ ቁጥር አምስት ነገር ይመርምር። ክብ መንገድ አለ? ሀ የለ ዓይነት፣ ለም የሀ ዓይነት ከሆኑ አንዱ ስሕተት ነው። በዝምድና ውስጥ የተጠራ ነገር ግን በቃላት ሠንጠረዥ የሌለ ቁጥር አለ? ከስም ዝርዝራችሁ ውጭ የሆነ ዝምድና ገብቷል? ያረጀ ቃል አሁንም መስመር ይዟል? ወላጅ የሌለው ቃል ተንሳፍፎ ቀርቷል?

ከነዚህ በላይ መልሳቸውን የማሽላ ባለሙያው አስቀድሞ የሚያውቃቸውን ጥያቄዎች ጻፉ። «በቆሎ የማሽላ ዓይነት ነው?» መልሱ አይደለም መሆን አለበት። «የዛላ ቅርንጫፍ የተክል ክፍል ነው?» አዎ። «ማሽላ በጠቅላላው አቀንጭራን ይቋቋማል?» መልስ የለም። አንድ መስመር በተጨመረ ቁጥር ኮዱ እነዚህን ሁሉ ይጠይቅ። የሚወድቅ ካለ አዲሱ መስመር አይግባ።

ሥራውን በትልቁ አትጀምሩት። ሠላሳ ያህል ቃላት፣ ሁለት ዝምድና፣ አንድ የማስረጃ ሠንጠረዥ ይበቃል። የማሽላ ባለሙያውና ኮድ ጸሐፊው ጎን ለጎን ተቀምጠው መስመሮቹን በ«እያንዳንዱ» ፈተና ድምፅ አውጥተው ያንብቧቸው፤ የተጠራጠሩበትን አያስገቡ፣ ለነገ ያቆዩት። ተማሪ ይመረቃል፣ ቴክኒሻን ወደ ቆቦ ይዛወራል፣ ፋይሉ ግን ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል። የሚቀበለው ሰው ጸሐፊውን ስልክ ደውሎ ሳይጠይቅ «ይህ ከዚያ ጋር በምን ተያያዘ?» ለሚለው መልሱን ከፋይሉ ካገኘ ሥራው ተሠርቷል።